ያልመጣው ማክሰኞ

መጀመሪያ ብርሃን ነው፤ በግራ ዓይኔ ዳር
ክር የሌለው ዚግዛግ ስፌት፣ የሚንቀጠቀጥ ባየር፣
የያዝኩትን ሱሪ ጠርዝ ዘሎ የሚሻገር።
ከዚያ የደንበኛዬ አፍንጫ ይጠፋል፣
ግማሽ ፊቷ እንደ ጨርቅ ወደ ውስጥ ይታጠፋል።
«ለዓርብ ይደርሳል?» ትላለች ባንድ ጎን ከንፈሯ፤
«ይደርሳል» እላለሁ፣ ለሚታየኝ ጸጉሯ።

ሃያ ደቂቃ አለኝ።
መቀሴን አኑሬ፣ መጋረጃ ስቤ፣
ከካፖርቶች ክምር ጨለማ ሰብስቤ
እጠብቀዋለሁ።
ይመጣል። ግማሽ ራሴን ይመርጣል፤
እንደ ባለ ርስት ገብቶ ይቀመጣል።
ቀኑ ማክሰኞ ነው። ለምን ማክሰኞ እንደሆነ
ሐኪሙ ለካ፣ ጻፈ፣ መዘነ፤
መልስ ግን አልሆነ።

ኖትቡርጋ ያገኘችኝ እንዲህ ተጠቅልዬ ነው፣
የሟች ባሏን ካፖርት በልኳ እንዳጠብላት ይዛ መጥታ፣
ማንኳኳት ሲሰለቻት በጓሮ በር ገብታ።
አልጮኸችም። መብራት አልነካችም።
ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ፦ «ግራ ነው ቀኝ?»
የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚጠይቀኝ።

ባምበርግ ውስጥ፣ ባትክልተኞች ሰፈር ነው ቤቷ፤
ሽንኩርት ትሸጣለች፣ ሰባ ዘጠኝ ነው ዓመቷ።
በማግሥቱ በእርጎ ጣሳ ችግኝ ይዛልኝ መጣች፦
ቅጠሉ የተበጣጠሰ ዳንቴል፣
አበባው ለአሻንጉሊት ቁርስ የተጠበሰ እንቁላል።
«የእናት ቅጠል እንለዋለን» አለች፤
«ሁለት ሁለት፣ በየጧቱ፣ በቅቤ ዳቦ መሐል።
ሲያምሽ አይደለም። ሳያምሽ ነው እንጂ።
ካረገዝሽ ግን ተይው» አለች ጣቷን ቀስራ፤
የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ነኝ፤
ሳቅኩ፣ ራሴን በሁለት እጄ ይዤ፣ ከእሷ ጋራ።
«ወንዙ ዳር ያለውን፣ ጃንጥላ የሚያህለውን ቅጠል ደግሞ እንዳትነኪ፤
ለራስ ይሆናል ይላሉ፤ ጥሬው ጉበት ይበላል።»

እኔ የማውቀው ቅጠል ዳማከሴ ነው፣
ምች ከመታ ወዲያ የሚታሽ፤
ሌባው ከገባ በኋላ የሚጮህ እንጂ
ባዶ በር ላይ የሚያመሽ
ዘበኛ አላውቅም ነበር።

በላሁት። መረረኝ። ምላሴ ቆሰለ።
ማር ቀባሁት፤ ማሩም መረረ፣ ሕመሙም ቀጠለ።
ባንክ በሰጠኝ ቀን መቁጠሪያ፣ በስፌት ጠመኔ፣
አራት መስቀል መጋቢት፣ አራት ሚያዝያ፣
ሦስት ግንቦት፣ አንድ ሰኔ፤
ከሐምሌ ወዲህ ባዶ ሣጥን፣ ባዶ ሣጥን።

ያልመጣን ነገር በምን ይቆጥሩታል?
ለመጣ እንግዳ ወንበር ይስቡለታል፤
ለቀረውስ ማን ይነሳለታል?

ላመሰግን ሄድኩ። ሽንኩርት ትጎነጉናለች።
«ለእኔ ሠርቶ አያውቅም» አለች፣ ቀና ሳትል፤
«ለእህቴ፣ ለክሬሴንስ ነበር።
እኔ እስከ ዛሬ ባሥራ አምስት ቀኔ
ጨለማ ቤት እገባለሁ።»
«ታዲያ ለምን ትተክይዋለሽ?»
«አፈሩ ለመደው።»

የካቲት ላይ ውርጭ ወረደ፤ ችግኜ ጠቁሮ አደረ።
ሦስት ሳምንት ያለ ቅጠል፤ ልቤ ተሸበረ።
ካፖርት ከመርኩ፣ መጋረጃ ሳብኩ፣ ተዘጋጀሁ፤
ማክሰኞ መጣ። ብቻውን መጣ። ሄደ።
ሁለተኛውም። ሦስተኛውም።
ታዲያ ቅጠሉ ነበር? ዕድሜዬ ነው? ወይስ
ግራ ነው ቀኝ ብሎ የጠየቀኝ ሰው?
አላውቅም።

ትናንት ከሱቄ ደጃፍ ሌላ የእርጎ ጣሳ አገኘሁ፣
ከሥሩ የካፖርቱ ቀሪ ሒሳብ፣ ሳንቲሙ ሳይቀር።
ሁለት ቅጠል ቀጠፍኩ። መረረኝ፣ እንደ ድሮው።
ማሽኑ ላይ ተቀመጥኩ፤
ከግራ ዓይኔ ዳር አንድ ነገር ብልጭ አለ፣
እግሬ ከመርገጫው ተነቀለ፣
ትንፋሼን ያዝኩ፣ እስክሰማ ድረስ የግድግዳውን ሰዓት፤
የመስኮቱ ፀሐይ ናት፣
መርፌው ላይ ያረፈች ናት።
ዚግዛጉን ወደ ሱሪው መለስኩት።